ልዑሉ ላይ የተነፋው ፊሽካ

እፍኝ በማታህል አንዲት አገር ውስጥ ሦስት ቡድኖች ብቻ የሚወዳደሩበት ብሔራዊ ሊግ ነበር። ተጫዋቾቹ ዳቦ ጋጋሪዎችና ፖስተኞች ሲሆኑ ዳኛው ደግሞ ጫማ ሰፊ ነበር።

የዋንጫው ጨዋታ ሊያልቅ ሲል የአገሪቱ ገዥ ልዑል ቤርቶ ቦርጫቸውን ይዘው አጥቂ ሆነው ገቡ። ተከላካዮቹን ሁሉ አልፈው ጎሉ አፍ ላይ ቆመው ሲጠብቁ ኳስ ተላከችላቸውና መቱ። በረኛው እጅ ነስቶ አሳለፋት።

ጫማ ሰፊው ግን ፊሽካውን ነፋ። «ከጨዋታ ውጭ! ጎሉ ተሽሯል!»

ልዑሉ ፊታቸው ቲማቲም መስሎ መጡ።

«አንተ! በአገሬ ውስጥ በእኔ ላይ ፊሽካ የነፋ ሰው ዕድሜ ልኩን እንደሚታሰር አታውቅም?»

«አውቃለሁ፣ ልዑል ሆይ።»

«ታዲያ ምን ቢያቀብጥህ ነፋህብኝ?»

«ሕጉንማ አክብሬያለሁ» አለ ጫማ ሰፊው። «አገራችን ለአንድ ሙሉ ሜዳ ስላልበቃች ያኛው ጎል የተተከለው ጎረቤት አገር መሬት ላይ ነው። እርስዎ ከጨዋታ ውጭ ብቻ ሳይሆን ከአገር ውጭም ነበሩ።»

ልዑሉ ዞር ብለው ድንበሩን አዩ። ቅጣት ምቱም ተመታ።