የጳጉሜ ድርጎ

አንድ ጊዜ ደፈርስ ከሚባል ወንዝ ዝቅ ብሎ በሚገኝ ሜዳ ላይ እንስሳት ሁሉ ተስማምተው ይኖሩ ነበር። ተስማምተው ከማለት ተቻችለው ማለት ይሻል ይሆናል። ክረምት በመጣ ቁጥር ወንዙ ይሞላል፤ ሜዳውን ከጎርፍ የሚጠብቀው አንድ የድንጋይ ክትር ብቻ ነው። ክትሩን የሚጠግኑትም ሁለት ናቸው፦ አያ ዝንጀሮ ላይ ካለው ካባ፣ ከድንጋይ መፈልፈያው፣ ድንጋይ እየፈነቀለ ይጭናል፣ እመት አህዪት ደግሞ እየተሸከመች ታደርሳለች። ለዚህ ድካማቸው ከጋራው ጎተራ ድርጎ ይሰፈርላቸዋል።

ድርጎው የሚሰፈረው ግን በአዋጅ ነው። አንበሳ የሚመራው ሸንጎ በየዓመቱ ይሰበሰባል፤ ሁሉም «ይሁን» ሲሉ አንበሳ መዳፉን በእርጥብ ጭቃ ላይ ያትማል። አንዱ «አይሆንም» ካለ አዋጅ የለም። ከዚህ ሌላ አንድ የቆየ ሕግ ነበር፦ «ያለ ድርጎ ማንም የጋራ ሥራ አይሥራ» የሚል። የወጣው በደግ ሐሳብ ነው። ድሮ ጅቦች አህዮችን በባዶ ሆድ ያሠሩ፣ ሲደክሙ ደግሞ ይበሏቸው ነበርና።

በዚያ ዓመት ታዲያ አዋጁ «ለአሥራ ሁለት ወር» ይል ነበር። ሲጻፍ ጳጉሜን ያስታወሳት አልነበረም። ነሐሴ ሠላሳ ቀን ፀሐይ ስትጠልቅ ድርጎው ያበቃል፤ ወንዙ ግን ገና እየሞላ ነው።

በዚያው ዕለት ከቀትር በኋላ አያ ዝንጀሮ ትልቅ ድንጋይ በአህዪት ጀርባ ላይ አስተካክሎ ጫነና እጁን አራገፈ።

«በይ እመት አህዪት፣ የመጨረሻው ነው። እኔ ወደ ገደሌ ልሂድ።»

«ሸንጎው ምን ወሰነ?»

«ሸንጎው! አሥራ አምስት ቀን ሙሉ ስለ አጥንት ሲጨቃጨቅ ከረመ። አንቺም ፀሐይዋ ስትጠልቅ ያንን ድንጋይ ካለሽበት ጣይውና ግቢ። ሕግ ነው።»

ዝንጀሮ ሄደ። አህዪት ወደ ክትሩ ቁልቁል ተመለከተች። ውሃው ከአፋፉ ሁለት ክንድ ያህል ቀርቶታል። በመሀል አንድ ቦታ ድንጋዮቹ ላልተዋል፤ የተሸከመችው ድንጋይ ለዚያ ቦታ የተመረጠ ነበር። ጥቂት አሰበችና መንገዷን ቀይራ ከነጭነቷ ወደ ሸንጎው አቀናች።

ስትደርስ ጅብ እየተናገረ ነበር። ጅብ ሲናገር አፉ ስለሚሞላ ቃሉ ሁሉ ምራቅ ምራቅ ይላል።

«እኔ ይሁን የምለው፣ በክትሩ ሥራ ላይ የሚሞት ሁሉ የእኔ ነው ተብሎ ሲጻፍ ነው!» አለ። አህዪትን ሲያያት ደግሞ ድምፁን አለሰለሰና፣ «ቢፈጥንም አልጠላም» ሲል ጨመረ።

«እኔ እንኳ አህያ የለኝም፣ ከጅብ አልጣላም» አለ ቀበሮ። «ግን አዋጅ ሲወጣ ተብላልቶ፣ ሙሉ ሆኖ ይውጣ። ምን ያስቸኩለናል?»

የቀበሮ ጉድጓድ ያለው ኮረብታው ላይ ነው። ጎርፍ ሲመጣ ቆቁም ጥንቸሉም የሚሸሸው ወደዚያ ነው። አያ ቀበሮ እንግዳ መቀበል ይወዳል።

አንበሳ አዛጋ። «አንቺስ ምን አመጣሽ? ጭነትሽን አውርጂና ተናገሪ።»

«ከነጭነቴ ይሻለኛል፣ ጌታዬ» አለች አህዪት። «አዲስ አዋጅ ልጠይቅ አልመጣሁም። የነበረውን አውሱን።»

«እንዴት ያለ ውሰት?»

«የነበረው አዋጅ ሳይጨመር ሳይቀነስ ለጳጉሜ አምስት ቀን ይቀጥል። እናንተ ክርክራችሁን ቀጥሉ፣ እኛ ክትራችንን።»

ቀበሮ ሳቀ። «ወይ ጉድ! ይሄም አዋጅ ሆኖ! እራፊ ነው እንጂ።»

«እራፊ ነው፣ አያ ቀበሮ። ጳጉሜም የወር እራፊ ናት። ግን እሷ ባትኖር ዓመቱ ከዓመቱ አይገጥምም።»

አንበሳ ከተጋደመበት ቀና አለ። አህያ እንዲህ ትናገራለች ብሎ የጠበቀ አልነበረም፤ ብዙዎቹ ጭራሽ ትናገራለች ብለውም አልጠበቁም።

ጅብ ግን ግራ ተጋባ። «እኔስ? አጥንቴስ?»

«አያ ጅቦ፣ ጉድጓድህ የት ነው?» አለችው።

«ከክትሩ ሥር ነዋ! ጥላ አለው።»

«እንግዲህ ይሄ ድንጋይ ዛሬ እዚህ ቢቀር፣ ውሃው ሲመጣ መጀመሪያ የማንን ደጅ ያንኳኳል?»

ጅብ ለማሰብ ጊዜ ወሰደ። ሐሳብ ጅብን ሲያገኘው ከሩቅ እንደመጣ ዘመድ ነው፤ መግቢያው ይጠፋዋል። በመጨረሻ ዓይኑ ፈጠጠ። «ይሁን! ለጳጉሜ ይሁን!»

ፀሐይዋ የተራራውን ጫፍ ነክታለች። ቀበሮ እንዳልተሸነፈ ሰው ፈገግ አለ።

«እኔም ይሁን እላለሁ። አንዲት ትንሽ ቃል ብቻ ትጨመርልኝ። እስከዚያው ድረስ፣ ለደህንነታቸው ስል፣ ቆቆች ኮረብታዬ ላይ ይደሩ።»

«እሱ ከጨመረ እኔም እጨምራለሁ!» ብሎ ጅብ ዘለለ። «የሞተው የእኔ ነው! የሚሞተውም! የታመመውም!»

አህዪት ፊቷን ወደ አንበሳ አዞረች። ድንጋዩ ጀርባዋን አጉብጦት ነበር፤ ይህን አንበሳ ልብ ብሏል።

«ገባኝ» አለ አንበሳ። «በር ለአንዱ ከተከፈተ ለሁሉም ነው። ስለዚህ ለማንም አይከፈትም። የነበረው እንዳለ ይቀጥል፤ የማይስማማ አሁን ይናገር፣ ስሙንም ከክትሩ ሥር ላሉት ሁሉ አስነግራለሁ።»

ቀበሮ ጅብን አየው። ጉድጓዱ የሚጥለቀለቅበት ጅብም ቀበሮን አየው፤ በዚህ ጊዜ ዓይኑ የሚያየው አጥንት ብቻ አልነበረም።

«ይሁን» አለ ቀበሮ ቀስ ብሎ።

አንበሳ መዳፉን በጭቃው ላይ ሲያሳርፍ ከፀሐይዋ የቀረው እንደ ጥፍር ቁራጭ ቀጭን ነበር። አህዪት እጅ ነሥታ ዞረች፤ ቁልቁል ወርዳ ድንጋዩን በላላው ቦታ ላይ አስገባችው።

ዝንጀሮ በማግስቱ ወሬውን ሰምቶ እያጉረመረመ ወደ ካባው ተመለሰ። ጳጉሜ ሦስት ቀን፣ በሩፋኤል ዕለት፣ የዓመቱ ትልቁ ዝናብ ዘነበ። ደፈርስ ግንድ እየነቀለ መጣ። አህዪት ከካባው ወደ ክትሩ፣ ከክትሩ ወደ ካባው ስትመላለስ ዋለች። ጅብ ሳይቀር አንድ ድንጋይ በአፉ ይዞ መጣ፤ መንገድ ላይ ጥቂት ቀምሶት ነበር። ውሃው የክትሩን አፍ ላሰ፣ ሁለቴ ገፋ፣ ከዚያ ጎደለ። በኮረብታው ላይ ቀበሮ ያን ቀን እንግዳ አልመጣለትም።

ሸንጎው በአምስት ቀን ተስማማ? አልተስማማም። ሌላ እራፊ እስከ መስቀል ቀጠለ። በመስቀል ዋዜማ ሙሉው አዋጅ ወጣ፤ ከዚያ ሁሉ ክርክር በኋላ የተለወጠው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ለአሥራ ሁለት ወር» የሚለው «ለአሥራ ሦስት ወር» ሆነ።

ወንዙ ሲጠራ ጅብ አህዪትን ክትሩ ላይ አገኛትና አንድ የከነከነውን ነገር ጠየቃት።

«እመት አህዪት፣ ያን ዕለት እኛ ያን ያህል ስንከራከር ድንጋዩ ጀርባሽ ላይ ነበር። አንበሳም አውርጂው ብሎሽ ነበር። ለምን አላወረድሽውም?»

«አያ ጅቦ» አለች አህዪት፣ «ዝንጀሮ ሄዷል። ባወርደውስ ማን መልሶ ይጭነኝ ነበር?»

ከዚህ የምንማረው ትልቁ ስምምነት እስኪደርስ ሥራን ከነሸክሙ የሚያቆይ ትንሽ ስምምነት የሚናቅ እንዳልሆነ፣ አንዴ ለወረደ ጭነትም መልሶ ጫኝ ማግኘት እንደሚያስቸግር ነው።