በዘይት ጉርሻ የታፈነችው ሸርተቴ

ተረቴ መጣች፣ በበረዶ ላይ ተንሸራታ። «ትግባ፣ እግሯን አራግፋ!» በሉኝ እንጂ! ዝም ብሎ የሚሰማ ሰው ግድግዳ ነው፤ እኔ ደግሞ ለግድግዳ አላወራም።

እንግዲያውስ ገባች።

በድሮ ዘመን፣ ተራራ ሲያንቀላፋ ያንኮራፋ በነበረበት፣ ደመናም ሲደክመው መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ያርፍ በነበረበት ጊዜ፣ አንድ የበረዶ አገር ነበረ። በዚያ አገር በረዶ እንደ እኛ አገር ጣራ እየደበደበ፣ ሰብል እየፈጀ አይወርድም። እንደ ተባዘተ ጥጥ ቀስ ብሎ፣ ይቅርታ እየጠየቀ ነው የሚወርደው። አንዴ ከወረደ ግን አይሄድም፤ እንደ አንዳንድ እንግዳ።

እዚያ አገር ሁለት ሰፈሮች ነበሩ፤ ታች ሰፈርና ላይ ሰፈር። በመካከላቸው ነጭ ሜዳ አለ። ሜዳው እያለ፣ እያለ፣ እያለ ይሄድና አንድ ገደላማ ዳገት ላይ ይቆማል። የዳገቱ ስም ትንፋሽ ቁረጥ ነው። ስሙን ያወጡለት ወጥተው የጨረሱት ናቸው፤ ያልጨረሱትማ ምን አፍ አላቸው?

በሁለቱ ሰፈሮች መካከል የምትመላለስ አንዲት ሞተር ነበረች። ጎማ የላትም። ከፊት ሁለት መንሸራተቻ አላት፣ ከኋላ እንደ አባጨጓሬ ሆድ የሚሽከረከር ሰፊ ቺንጋ። ስሟ ሸርተቴ ነው። ቤንዚኗን ከዘይት ጋር ቀላቅላ ትጠጣለች፤ ዘይቱ ጥቂት፣ ቤንዚኑ ብዙ። እመቤቷ እትዬ ዘርትሁን ትባላለች፤ ድምጿ ከሞተሩ የሚበልጥ፣ ልቧ ከድምጿ የሚበልጥ ሴት።

አሁን ጠጋ በሉ፣ ወደ ሸርተቴ ሆድ እንግባ። ጭሱ በሚወጣበት ጉሮሮ ላይ መንታ በሮች ይኖሩ ነበር፤ ግራዬና ቀኜ። ሸርተቴ ቀስ ስትል ዝቅ ብለው ጉሮሮዋን ያጠብቡላታል፣ ጉልበቷ እንዳይባክን። ስትሮጥ ከፍ ብለው ይከፍቱላታል፣ ትንፋሽ እንዳያጥራት። ከፍ የሚያደርጓቸው የጎማ ወናፎች ናቸው፤ የጭሱ ግፊት ሲነፋቸው ያብጣሉ። ዝቅ የሚያደርጓቸው ደግሞ አክስቶቻቸው ሞላዎቹ ናቸው፤ የተጠማዘዙ ሽቦዎች፣ ቀጫጭኖች፣ ነጭናጮች፣ ግን እውነተኞች። ቀኑን ሙሉ ይሄን ይላሉ፦

«ጊዜ ሲደርስ ተነሡ፣ ጊዜ ሲያልፍ ተመለሱ! ጊዜ ሲደርስ ተነሡ፣ ጊዜ ሲያልፍ ተመለሱ!»

መንቶቹም ይነሣሉ፣ ይመለሳሉ። ሸርተቴም ስትተነፍስ ትዘፍናለች። በሜዳው ላይ ስታልፍ በረዶው ራሱ ዓይኑን ከድኖ ይሰማት ነበር አሉ።

ታዲያ ነገር የመጣው ከፍቅር ነው። ነገር ከጠላት ይመጣል ያላችሁ ማን ነው?

አንድ ቀን ሸርተቴ አያ ጭላዳን ከታች ወደ ላይ አደረሰችው። አያ ጭላዳ ወረደና «እንዴት ያለሽ ደግ ነሽ! በባዶ አፍሽማ አትሄጂም» አለ። የዘይቱን ቆርቆሮ አንሥቶ አንድ ጉርሻ አጎረሳት።

«ይበቃኛል፣ አያ ጭላዳ» አለች ሸርተቴ።

«አንድ ያጣላል!» አለና ሁለተኛ ደገመ። «ሁለትማ ሆድ ያሻክራል!» አለና ሦስተኛ ሰለሰ።

በሌላ ቀን ጋሽ ዋልያን አደረሰችው። ቀንዱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ጢሙን አበጥሮ፣ «ሳላጎርስሽ ብሄድ አጥንቴ ይወቅሰኛል» አለ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት አጎረሳት።

በሌላ ቀን ደግሞ እሜቴ ቀይ ቀበሮን አደረሰቻት። እሜቴ ቀበሮማ ጭራዋን በልቧ ላይ አድርጋ «በሞቴ! በልጆቼ ሞት! አፈር ስሆን!» አለች። ይሄ ሁሉ መሐላ ከተማለ በኋላ ማን አልበላም ይላል? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት።

እትዬ ዘርትሁንስ? እሷማ አጠገቧ ቆማ ፈገግ ትላለች። «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» ሲባል ያደገች ናት፤ ልጇን የሚያጎርስ ሰው ይከለከላል እንዴ? እንዲያውም ማታ ማታ ራሷ ትጨምርላታለች።

ዘይቱ በዛ፤ እሳቱ አልጨረሰውም። ያልነደደው ዘይት በጉሮሮው ላይ እየተለጠፈ፣ እየጠቆረ፣ እየወፈረ ሄደ። አንድ ቀን ዓይን አወጣ፣ አፍ አወጣ። ጥቀርሻ ሆነች። ድምጿ ለስላሳ ነው፤ እንደ ሞቀ ብርድ ልብስ።

«እሹሩሩ» አለቻቸው መንቶቹን። «እናንተ ልጆች አትደክሙም? መነሣት፣ መመለስ፣ መነሣት፣ መመለስ… ከፍም አትበሉ፣ ዝቅም አትበሉ። መሃል ላይ ተኙ። እኔ አለብሳችኋለሁ።»

«አክስቶቻችን ይቆጣሉ» አለ ግራዬ፣ እያዛጋ።

«አክስቶቻችሁ መቼ ሳይቆጡ ያውቃሉ?»

እውነቷን ነው፤ ቀኜ ሳቀና ተኛ። ግራዬም ተከተለው። በእንቅልፋቸው በረዶ ሞቆ፣ ዳገት ተኝቶ ሜዳ ሆኖ አዩ። ሞላዎቹ ቢገፉ፣ ወናፎቹ ቢያብጡ፣ መንቶቹ መሃል ላይ ተለጥፈው አልነቃነቅ አሉ።

ይሄ በሆነ ሰሞን፣ ላይ ሰፈር ከጣራ ላይ የተናደ በረዶ በጭስ መውጫው ገብቶ ምድጃ ላይ ወደቀና እሳቱ ጠፋ። በዚያ አገር እሳት አይገዛም፣ ከጎረቤት ይጫራል። ላይ ሰፈር ደግሞ የሁሉም እሳት ከዚያ አንድ ምድጃ ነበር። የምድጃው ቤት ውስጥ ያለችው የዘርትሁን ታናሽ እህት ትርንጎ ናት፤ አራስ ናት። ጨቅላዋን በጉያዋ አቅፋ «ፀሐይ ሳትጠልቅ እሳት ካልመጣ፣ ይቺ ልጅ ታልቅብኛለች» ብላ ላከች።

ዘርትሁን ከታች ሰፈር ፍም ጭራ፣ በሸክላ ድስት አድርጋ፣ አመድ አልብሳ፣ ሸርተቴ ላይ ወጣች።

ሜዳውን እንደምንም አለፉ። ትንፋሽ ቁረጥ ሥር ሲደርሱ ሸርተቴ «እህ… እህ… እህ…» አለችና ቆመች። ለመነሣት ጉልበት የለም፣ ለመሮጥ ትንፋሽ የለም።

ሳሏን ሰምተው ወዳጆቿ ከየዋሻቸው ወጡ።

«ርቧት ነው!» አለ አያ ጭላዳ። ቆርቆሮውን አንሥቶ ሦስት ጉርሻ። ሸርተቴ ጥቁር ጭስ ተፋች፤ ባሰባት።

«ሰንፋ ነው!» አለ ጋሽ ዋልያ። ግንባሩን ሰጥቶ ገፋ፣ ገፋ፣ ገፋ። ጥቂት ወጣችና ተንሸራታ ተመለሰች፤ እሱንም ቁልቁል አንከባለለችው።

እሜቴ ቀበሮ የሸርተቴን ኋላ አሸተተች። «ሆዷ ባዶ አይደለም። ያልነደደ ዘይት ይሸተኛል። እኛ ነን እንዴ?» አለችና ጆሮዋን ጣለች።

«እናንተ ናችሁ» አለ አንድ የደከመ ድምፅ፣ ከድስቱ ውስጥ። ፍሙ ነበር። «ጉሮሮዋ ውስጥ ያለችው ጥቀርሻ ናት። የእኔው ልጅ ናት፣ ከግማሽ መንገድ የቀረች። ዘርትሁን፣ የጎኗን ክዳኖች ፍቺ። መጀመሪያ ግን እኔን አርቂኝ፤ ቤንዚንና እኔ አንድ ቦታ ከተቀመጥን አገር ይነዳል።»

«ንፋስ ያጠፋሃላ!» አለች ዘርትሁን።

«ታዲያ ቶሎ በያ፣ የኔ እመቤት። እኔ እንደሁ ሽማግሌ ነኝ፤ ብዙ አልቆይልሽም።»

አያ ጭላዳ ድስቱን ከቋጥኝ ጀርባ ወሰደው፤ የትከሻውን ጠጉር እንደ ካባ ዘርግቶ በላዩ ተቀመጠ። ቂጡ ተለበለበ፣ አልተነሣም። የጥፋቱ ካሣ ነው።

ዘርትሁን ካቻቢቴ አውጥታ ክዳኖቹን ፈታች። ሞላዎቹ እየዘለሉ ወጡ፦ «ስንት ጊዜ ተናገርን! ስንት ጊዜ!» ወናፎቹን አወጣች። መንቶቹን ግን ብትስብ፣ ብትስብ እንቢ አሉ። ቤንዚን አንጠባጠበችላቸው፤ ቀስ እያሉ፣ እየተነጫነጩ፣ ጥቁር ለብሰው ወጡ።

ቢላዋ ልትመዝ ስትል ሁለቱም ጮኹ። «አትፋቂን! በተጫረ ገላችን ላይ ጥቀርሻ ነገ ሥር ትሰዳለች!»

ዘርትሁን ከነጠላዋ ጠርዝ ቀደደች፣ ቤንዚን አስነከረች፣ በእንጨት ማንኪያ ጫፍ ቀስ አድርጋ ፈቀፈቀች። ጥቀርሻ እየረገፈች በረዶው ላይ ወደቀች። አልተቆጣችም። እንደሚያሸልብ ሰው ሆና ተናገረች፦

«ለምን ትጠይኛለሽ፣ ዘርትሁን? እኔ እኮ ጠላት አይደለሁም። ሳይነድ የቀረ ፍቅራችሁ ነኝ።»

የዘርትሁን እጅ ቆመ። ማታ ማታ የምትጨምረው ዘይት ትዝ አላት። ዓይኗን በክንዷ ጠራረገችና ፍቅፈቃዋን ቀጠለች። ምን ታድርግ? ልቅሶውን ልጅቷ ከሞቀች በኋላ ታለቅሰዋለች።

ብረቱ ሲነጻ እንደ ጨረቃ ጥፍር አበራ። ወናፎቹን በቤንዚን አላጠበችም፤ ጎማን ቤንዚን ይበላዋል። በደረቅ ጨርቅ ወልውላ፣ ወደ ብርሃን ይዛ፣ ቀዳዳ እንደሌላቸው አየች። ግራዬን በግራ፣ ቀኜን በቀኝ፣ በሰያፍ የተቆረጡበትን ጎን ወደ ታች አድርጋ መለሰች፤ ወናፎቹንና ሞላዎቹንም አስገብታ ክዳኖቹን ገጠመች።

በየክዳኑ ላይ ሞላዎቹን የሚያጠብቅ ቀይ ቆብ አለ። ዘርትሁን ከፍቅሯ የተነሣ አጠበቀችው።

«አነቅሽን!» አሉ ሞላዎቹ። «እንዲህ ካጠበቅሽን እነዚህ ልጆች የመነሻ ጊዜያቸው ያልፋል።»

አላላችው።

«አሁን ደግሞ ለቀቅሽን! ያለ ጊዜያቸው ይነሣሉ።»

«እናንተ ሴቶች ምንድን ነው የምትፈልጉት?»

«ልክ! ሌላ ምን! ቆቡ ከክዳኑ ከንፈር ጋር እኩል ይሁን። የግራውም፣ የቀኙም። ለመንታ ጡት አስበልጠው አይሰጡም።»

እኩል አደረገቻቸው። መንቶቹን በጣቷ ከፍ አድርጋ ለቀቀች፤ ጧ! ብለው ራሳቸው ተመለሱ። «ነቃን» አሉ።

ከቋጥኙ ጀርባ አያ ጭላዳ ተጣራ፦ «እትዬ! ሽማግሌው ፍም ሊጠፋ ነው!»

ፀሐይ የዳገቱን ጫፍ ነክታለች። ዘርትሁን ክዳኖቹን አጥብቃ፣ በጉርሻ የተሞላውን ድፍድፍ ከሸርተቴ ሆድ አፍስሳ፣ በልክ የተቀላቀለ አዲስ ሞላችላት። ድስቱን ተቀብላ የማስነሻውን ገመድ ሳበች።

ሸርተቴ አልሳለችም። ተነፈሰች።

መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ መንቶቹ ዝቅ ብለው፣ ሥር ያለውን ዳገት በጉልበት ያዘችው። ፈጠነች፤ ወናፎቹ አበጡ፣ መንቶቹ ተነሡ፣ ጉሮሮዋ ተከፈተ። ዘፈነች! ትንፋሽ ቁረጥ ከእንቅልፉ ነቅቶ «ማናት?» አለ። ሳይመለስለት ጫፉ ላይ ነበረች። በረዶው ከኋላዋ እንደ ተነፋ ዱቄት ተነሥቶ፣ በመጨረሻው ብርሃን ቀይ ሆኖ፣ ሳይወድቅ ለረጅም ጊዜ አየር ላይ ቆየ።

ላይ ሰፈር ደረሱ። ዘርትሁን አመዱን ብትገልጥ፣ ፍሙ የድመት ዓይን ያህል ቀርቷል። ትርንጎ ጨቅላዋን እንዳቀፈች ተንበርክካ እፍ አለችበት፤ እፍ፣ እፍ፣ እፍ። ጭድ ያዘ። እንጨት ያዘ። የጨቅላዋ ከንፈር ከሰማያዊ ወደ ቀይ ተመለሰና አለቀሰች፤ ሰፈሩ ከዚያ ልቅሶ የጣፈጠ ዘፈን ሰምቶ አያውቅም።

ታዲያ አገሩ ሁሉ ምን ይዞ ወጣ? የዘይት ቆርቆሮ! «በሞቴ! ልጃችንን ያተረፈች! አንድ ያጣላል፣ ሦስት ትጉረስ!»

ዘርትሁን መዳፏን የሸርተቴ አፍ ላይ ከደነች። አንዲት ትንሽ ሲኒ አወጣች። «በዚች ልክ። ከዚህ አታልፉም። በየጨረቃው ደግሞ ክዳኗን ፈትቼ ጉሮሮዋን አያለሁ።»

«ትንሽ ጉርሻማ ያጣላል!» አለ አንድ ቅር ያለው ሽማግሌ።

«ከእርስዎ ጋር ልጣላ፣ አባቴ። ከትንፋሿ ጋር ግን አልጣላም።»

ሽማግሌው ቆርቆሮውን አስቀምጦ እሳቱ አጠገብ ተቀመጠና እጁን አሞቀ። በማግስቱ ሲኒዋን ለማጠብ የመጀመሪያው እሱ ነበር አሉ።

ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው ይላሉ። ይሁን፤ ያስጨንቅ። ካነቀ ግን ጥቀርሻ ነው።

ተረቴ ወጣች፣ በመጣችበት በረዶ። በሩን አትዝጉት፣ ወለል አድርጋችሁም አትክፈቱት፤ እንደ ልኳ ገርበብ አድርጉላት።