ሞተሩ ካልጮኸ አንጓች ትሻገራለች

ተረቴ መጣች፤ ጆሮ ያለው ያቅርብላት። ወፍጮ ቤት አጠገብ ያደገ ግን ራቅ ብሎም ይሰማታል፤ ጯሂ ናት።

አያ ቢተው የሚባል ሰው ነበረ። አንድ የናፍጣ ሞተር ነበረው፣ ከሞተሩ ጋር ወፍጮ ነበረው፣ ሚስትም ነበረችው፤ ስሟ አንጓች። ከሞተሩ በኋላ የጠራኋት እኔ አይደለሁም፤ እሱ ራሱ ሀብቱን ሲቆጥር እንዲህ ነው የሚቆጥር። ሞተሩ ሲነሳ ጭስ ማውጫው ላይ የታሰረችው ጣሳ ኩክ ኩክ ትላለች። ያን ጊዜ በሦስት ጎጥ ያለ ሰው ጆንያውን ይሸከማል፣ ዶሮ እንቁላሏን ከጊዜው በፊት ትጥላለች፣ ጆሯቸው ከከዳቸው ዘመን የሆናቸው ሽማግሌም “ዛሬ ወፍጮ አለ” ይላሉ።

ቢተው ጉልበት ያለው ሞተር ሲያይ ልቡ አይቆምለትም። ባለተሳቢ መኪና ዳገቱን እያጓራ ሲወጣ ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ጭሱን በረጅሙ ይስባል፤ ቀሪውን ቀን አይራበውም። እና ባለፈው ወር የራሱ ሞተር ሦስት ቀን ሳያርፍ ፈጨ። እንዲህ የሠራ ጎበዝ አናቱን ቅቤ ይቀባል እንጂ ዝም አይባልም አለና፣ አንጓች ለእህቷ ሠርግ ያኖረችውን የቅል ቅቤ ሙልጭ አድርጎ ሞተሩ አናት ላይ ደፋው። ግማሹ ጭስ ሆኖ ወደ ሰማይ ሄደ። ግማሹ በናፍጣው ክዳን ሾልኮ ናፍጣ ወደ ሞተሩ የምታወርደው ቀጭን ቱቦ ውስጥ ገብቶ ረጋ። ሞተሩ ሁለቴ አስነጠሰ፣ ከዚያ ዝም አለ።

ሌላ ሰው ቢሆን መካኒክ ይጠራ ነበር። ቢተው ግን ሞተሩን ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ስለዚህ ራሱ ፈታው። መፍታቱ አንድ ጥዋት፣ መግጠሙ አንድ ሳምንት ፈጀ። ሲጨርስ አራት ቡሎን ተረፈው፤ ፈረንጅ ሲሠራው አብዝቶበት ነው ብሎ ኪሱ ከተታቸው። የተደፈነችውን ቱቦ በምስማር ወጋት፣ አልሆነም። በመዶሻ መከራት፣ ተሰነጠቀች።

አንጓች ይህን ሁሉ ቆማ አየች። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

“ስማ ቢተው፣ የእህቴ ሠርግ እሑድ ሳምንት ነው። ጤፉ እስከ ሐሙስ ካልተፈጨ አህያዬን ጭኜ ወንዝ እሻገራለሁ።”

ከወንዙ ማዶ የፈንታሁን ወፍጮ አለ። በመብራት የሚሠራ፣ ጭስ የማያውቅ፣ አጠገቡ ቆመው ሐሜት የሚያወሩበት ወፍጮ ነው። ያም ይሁን። ፈንታሁን ግን በልጃገረድነቷ ለአንጓች ሁለት ጊዜ ሽማግሌ የላከ ሰው ነው፤ ደግሞም እስካሁን አላገባም። ቢተው ድምፅ የሌለው ወፍጮ ምኑ ወፍጮ ነው ብሎ ሳቀ። ሳቁ ደረቱ ላይ ቀረ።

ቱቦዋን ይዞ ወደ መኪና መንገድ ወረደ። አንድ ባለተሳቢ ቆሞ አገኘና የሞተሩ ክዳን ላይ እጁን አኖረ፤ ትኩስ ነበር፣ እንደ ፈረስ አንገት ይንቀጠቀጥ ነበር። የመጣበትን ጉዳይ እስኪረሳ ቆየ። ሹፌሩ ቱቦዋን አይቶ ባለእጅ በእሳት ካልበየዳት ሌላ መድኃኒት የላትም አለው። ከዚያም በትሕትና ጨመረ፦ “አባቴ፣ እጅዎን ያንሱልኝ፤ ልሄድ ነው።”

ቢተው ተመልሶ ሞተሩን ለመነው። ተነስ፣ ወንድሜ፣ አታዋርደኝ አለው። ሞተሩ ዝም አለ፤ ዝምታውም ግልጽ ነበር። ቱቦ ካልተበየደ ሞተር አይነሳ፤ ሞተር ካልተነሳ ጤፍ አይፈጭ፤ ጤፍ ካልተፈጨ አንጓች ትሻገራለች።

ወደ ባለእጁ ወደ ዓለምነው ሄደ። ዓለምነው ቱቦዋን አገላበጣት፣ ማን በመዶሻ መታት ብሎ ጠየቀ። ቢተው ከብት ረግጧት ነው አለ። ዓለምነው ከብቱ መዶሻ ይዞ ነበር ወይ ብሎ ወናፉን አሳየው። የወናፉ ቆዳ ደርቆ እንደ ቂጣ ይሰበራል፤ ቢነፉት ያፏጫል እንጂ እሳት አያነድም። “በቅቤ ካልታሸ አይለዝብም፣ አያ ቢተው። አንተ ደግሞ ቅቤ ለሞተር የምትሰጥ ሰው ነህ፤ ለወናፍ አትነፍግም።” ወሬው ቀድሞት ደርሷል ማለት ነው። ቢተውም ወጣ፣ እየሄደም ቆጠረ፦ ቅቤ ከሌለ ወናፍ አይለዝብ፤ ወናፍ ካልለዘበ እሳት አይነድ፤ እሳት ካልነደደ ቱቦ አይበየድ፤ ቱቦ ካልተበየደ ሞተር አይነሳ፤ ሞተር ካልተነሳ ጤፍ አይፈጭ፤ ጤፍ ካልተፈጨ አንጓች ትሻገራለች።

በዚያ ሰሞን በመንደሩ የምትታለብ ላም አንዲት ብቻ ነበረች። የማን ብትሉ የአማቱ፣ የእመት የዝና። እመት የዝና ድሮ ፈንታሁንን ነበር የመረጡት፤ ልጃቸው እምቢ ብላቸው እንጂ። ቢተው ደጃፋቸው ላይ ቆሞ ከወገቡ ዝቅ ብሎ ነገሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ ዘረዘረ። ቅቤ ከሌለ ወናፍ አይለዝብ፣ እመቴ፤ ወናፍ ካልለዘበ እሳት አይነድ፤ እሳት ካልነደደ ቱቦ አይበየድ፤ ቱቦ ካልተበየደ ሞተር አይነሳ፤ ሞተር ካልተነሳ ጤፍ አይፈጭ፤ ጤፍ ካልተፈጨ...

“አንጓች ትሻገራለች” ብለው አማቱ ጨረሱለት። “ብትሻገርስ? ፈንታሁን ቅቤ የሚቀባው ሞተር የለውም።”

ቢሆንም ደጅ የጠናን አማች በባዶ መመለስ ነውር ነውና ወደ ላሟ ወሰዱት። ላሟ ጎኗ ገብቷል፤ ወተቷን ይዛለች። ፉርሽካ ካልቀመሰች ጠብታ አትሰጥም አሉት። ቢተው ላሟን በዐይኑ ለመናት፤ ላሟ በጅራቷ መለሰችለት። ስለዚህ እንዲህ ሆነ፦ ፉርሽካ ከሌለ ላም አትታለብ፤ ላም ካልታለበች ቅቤ የለ፤ ቅቤ ከሌለ ወናፍ አይለዝብ፤ ወናፍ ካልለዘበ እሳት አይነድ፤ እሳት ካልነደደ ቱቦ አይበየድ፤ ቱቦ ካልተበየደ ሞተር አይነሳ፤ ሞተር ካልተነሳ ጤፍ አይፈጭ፤ ጤፍ ካልተፈጨ አንጓች ትሻገራለች።

ፉርሽካ ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። ስንዴ ሲፈጭ፣ ዱቄት ሲነፋ የሚቀር ነው። በየቤቱ እየዞረ ጠየቀ። በየቤቱ የመለሱለት አንድ ነው፤ ወፍጮህን አስነሳና እንሰጥሃለን። አንዷ ጎረቤት እንዲያውም ለሞተሩ ነፍስ ይማር አለችው። ቢተው ወፍጮ ቤቱ ገብቶ መሬት ላይ በጀርባው ተዘረረና ቆጠረ። ሞተር ካልተነሳ ፉርሽካ የለ፤ ፉርሽካ ከሌለ ላም አትታለብ፤ ላም ካልታለበች ቅቤ የለ፤ ቅቤ ከሌለ ወናፍ አይለዝብ፤ ወናፍ ካልለዘበ እሳት አይነድ፤ እሳት ካልነደደ ቱቦ አይበየድ፤ ቱቦ ካልተበየደ ሞተር አይነሳ፤ ሞተር ካልተነሳ ፉርሽካ የለ። ነገሩ ጅራቱን እንደያዘ ውሻ ዞሮ ዞሮ እዚያው ነው። ጤፉ የትም አልገባ። አንጓች ብቻ በየዙሩ ትሻገራለች።

እዚያው ተዘርሮ ሳለ የተጋቡበት ዓመት ትዝ አለው። አንጓች በድንጋይ ወፍጮ ስትፈጭ መዳፏ ይላጥ ነበር፤ እንጀራውን ስትዘረጋለት መዳፏን ትደብቀው ነበር። ሁለት በሬ ሸጦ ይህን ሞተር የገዛው ያን መዳፍ አይቶ ነው። ከዚያ ሞተሩ ጮኸ፤ ቢተውም ጩኸቱን ወደደና ለምን እንደገዛው ረሳ። አሁን ሞተሩ ዝም ሲል አስታወሰው። ዐይኑ እንባ አቀረረ።

ያቀረረው ዐይኑ ውስጥ አንዳች ነገር ጠብ አለበት። እያሸ ቀና ቢል ከጣሪያው ማገር ላይ ነጭ ነገር ተንጠልጥሏል። የአሥራ ሁለት ዓመት ብናኝ ነው፤ የስንዴው፣ የገብሱ፣ የማሽላው ዱቄት እየበነነ ወጥቶ ማገሩ ላይ እንደ ቂጣ ተጋግሯል። ቢተው መጥረጊያ አንስቶ ማገሩን ገረፈው። ዱቄቱ ወረደበት፣ ሁለት ጆንያ ሞላ። ከወፍጮ ቤቱ ሲወጣ ከነሽፋሽፍቱ ነጭ ነበርና ሕፃናቱ የሞተሩ መንፈስ ወጣ እያሉ ሸሹ።

ያ ቀን እሑድ ነበር። ጆንያውን በትከሻው አድርሶ ለላሟ በውሃ በጠበጠላት። ላሟ ፉርሽካ አይደለም ብላ አልተከራከረችም፤ ላሰችው፣ ሁለተኛውንም ላሰችው። ማታውኑ ወተቷ ወረደ። እመት የዝና ሰኞም አለቡ፣ ማክሰኞም አለቡ፣ ረቡዕ ናጡ። ሐሙስ ማለዳ ቅቤውን በቅጠል ጠቅልለው ሰጡት። “ለወናፍ ነው የሰጠሁህ” አሉት። “ሞተር ስትቀባ ያየሁህ ቀን ልጄን ራሴ አሻግራታለሁ።”

ቢተው ሮጠ። እሱ ሲሮጥ አንጓች ጤፏን አህያዋ ላይ ጭና ቁልቁል ወደ ወንዙ ጀምራለች። ዓለምነው ቆዳውን በቅቤ ሲያሽ፣ አንጓች ቁልቁለቱን አጋመሰች። ወናፉ ሲለዝብ፣ አንጓች ከቁልቁለቱ ወረደች። እሳቱ ሲነድ፣ አንጓች መልካው ዳር ደረሰች። ቱቦዋ ስትበየድ፣ አንጓች ቀሚሷን ሰበሰበች። ቢተው ትኩሷን ቱቦ በባርኔጣው ይዞ በረረ፣ ገጠመ፣ የሞተሩን ዘንግ ያዘና አዞረ። አንጓች አንድ እግሯን ውሃው ውስጥ አገባች። ማዶ ፈንታሁን ነጭ ለብሶ ቆሟል፤ ጆንያ ሊቀበል የወጣ እንዳይመስላችሁ፣ ጆንያ ለመቀበል ማን ነጭ ይለብሳል? ቢተው ዘንጉን እንደገና አዞረ። ሞተሩ አስነጠሰ። ሦስተኛ ሲያዞረው ጥቁር ጭሱን ተፋና ኩክ አለ። ኩክ ኩክ፣ ኩክ ኩክ አለ፤ ተራራው ተቀበለው፤ በሦስት ጎጥ ያለች ዶሮ ሁሉ እንቁላሏን ጣለች።

አህያዋ ጆሯን አቆመች። ከዚያ ማንንም ሳታማክር፣ ጤፉን እንደተሸከመች፣ ፊቷን አዙራ ዳገቱን ተያያዘችው። አንጓች እርጥብ እግሯን አወጣች። ማዶ ያለው ሰው ለሰላምታ ያነሳው እጁ እዚያው ቀረ።

ወፍጮ ቤት ስትደርስ ቢተው በጥላሸትና በዱቄት ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ ነጭ ሆኖ ቆሟል። ሞተሩን አያይም ነበር፤ በሩን ነበር የሚያይ። አንጓች አጠገቡ ቆመችና በቀስታ ተናገረች።

“እኔ ልሄድ ነበር። አህያዋ ናት የመለሰችኝ።”

ቢተው ጣሳዋ ጆሮው ውስጥ እየጮኸች ምንም አልሰማ። እጁን ከጆሮው ኋላ አድርጎ ምን አልሽ ብሎ ጮኸ። አንጓች ያንን ነጭና ጥቁር ፊት አየችው። ጆንያዋን ከአህያዋ ላይ አወረደች፣ የሰው ሁሉ ጆንያ ከተሰለፈበት አልፋ ከፊት አኖረችው፣ ወደ ጆሮውም ጠጋ ብላ ጮኸች።

“ተራዬ ነው አልኩህ!”

እኔ ተረቴን ፈጭቼ ጨረስኩ፤ መንፋቱ የእናንተ ነው።