ፊታውራሪ ለቅሶ ሲደርሱ

በአንድ የግጦሽ ሜዳ ሰበብ የተጫረው ጦርነት ሦስት ዓመት ሞላው። አገሬው ቢያንገሸግሸውም ፊታውራሪ አስረስ ግን ገና አልጠገቡትም። የአንዲት ምላሰኛ መበለት የበኩር ልጅ በዚያው ጦርነት ሲሞት ለቅሶ ደረሱና፣ የቀረበላቸውን ንፍሮ እየዘገኑ፣

«የልጅሽ ደም ደመ ከልብ ሆኖ እንዳይቀር ታናሹን ስጪኝ» አሏት።

እምቢ ያለ መሬቱን እንደሚነጠቅ ሴትዮዋም አላጣችውም። እንባዋን በነጠላዋ ጠረግ አደረገችና፣

«ጌታዬ፣ አምና አንዱ በሬያችን ገደል ገባብን» አለች። «ደመ ከልብ ሆኖ እንዳይቀር ብለን ሁለተኛውን ወደ ገደሉ አልነዳነውም፤ ከጎረቤት በሬ ጋር አቀናጅተን አረስንበት እንጂ። እሱንም ሰደነው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ እርስዎ ምን ይዘግኑ ነበር?»