የደምሳሽ ሦስት ባለቤቶች

በአንድ ወቅት፣ ሰው ከጎረቤቱ ይልቅ ሬዲዮውን በሚያምንበት ከተማ ውስጥ ውብእሸት የሚባል ወጣት ደራሲ ነበር። ጣቢያው በየሳምንቱ የሚተላለፍ ታሪክ ጻፍ ቢለው፣ ቢጨነቅ ቢጠበብ ምንም አልመጣለት አለ። አንድ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጦ ሰዎች ሲያወሩ ሰማ። ግዛቸው የሚባል የጭነት መኪና ሾፌር ወንዝ መሀል ተይዞ ከነመኪናው ደራሽ ውሃ ወሰደው፤ ከኋላው ይከተለው የነበረው ጓደኛው አስራት ግን መኪናውን አዙሮ ሄደ። ውብእሸት የቀረውን ሳይሰማ ብድግ አለ። ደራሲ እንዲህ ነው፤ ደህና ወሬ ካገኘ፣ መጨረሻውን ሊነግረው የሚመጣ ሰው ጠላቱ ይመስለዋል።

በዚያው ሳምንት በሬዲዮው ታሪክ ውስጥ ደምሳሽ የሚባል ሰው ተወለደ፤ ጓደኛውን ጎርፍ ሲወስደው እያየ ጥሎት የሄደ ሾፌር። ውብእሸት የሰዎቹን ስም ቀይሯል። በአስራት መኪና ግንባር ላይ በቀይ ቀለም የተጻፈውን «የእናቴ ምርቃት» የሚል ጽሑፍ ግን ለመተው አሳሳው፤ ለከሃዲ መኪና ከዚህ የሚበልጥ ከየት ይመጣል? ያቺን መኪና ደግሞ ማንበብ የማይችለው ሰው እንኳ በዚያ ጽሑፍ ያውቃታል።

በግዛቸው ተዝካር ላይ ከአስራት ጋር አንድ ማዕድ የቀረበ ሰው አልተገኘም። ቢምል ቢገዘት የሚሰማው አጣ፤ ሻይ ቤት ሆነው ነገሩን እስከ መጨረሻው የሰሙት ሰዎች ሳይቀሩ ሬዲዮውን አመኑ። የግዛቸው እናት እትዬ የሺመቤት «ልጄን ጥለህ ሄድክ!» ብለው ከድንኳኑ አስወጡት። አስራት መኪናውን ሸጦ ከከተማው ጠፋ።

ውብእሸት ወደ ሌላ ክፍል ሲዛወር ደምሳሽን ጽጌወርቅ የምትባል ደራሲ ተረከበችው። እሷ አንጀቷ አልችል አላት፤ ጸጸት ሰጠችው። የእሷ ደምሳሽ መንገድ ላይ የቆመ መኪና ካየ አያልፍም፤ ዝናብ ቢሆን፣ ቢቸኩል፣ ቢሰድቡት ወርዶ ይጎትታል። ነገሩ ከሬዲዮ ወጥቶ መንገድ ገባ። የዚያ መስመር ሾፌሮች ከመቀመጫቸው ኋላ ካቦ መያዝ ጀመሩ፤ ያ መጎተቻ የብረት ገመድ የሌለው ሾፌር ያፍራል። ከዚያ ወዲህ ወንዙ ሰው አልበላም።

ዓመታት አለፉ። ውብእሸት ሸበተ። አንድ ቀን ሩቅ አገር ጎማ ተንፍሶበት ጎሚስታ ቤት ገባ። ሬዲዮው ደምሳሽን በድጋሚ ሲያሰማ ጎማ ጠጋኙ ተነስቶ ዘጋው።

«ምነው ወንድሜ፣ ደግ ሰው ነው እኮ።»

«እሱ እኔ ነኝ» አለ ሰውየው። «ጥዬው አልሄድኩም። ካቦ ልለምን ወደ መንገድ ሠሪዎቹ ካምፕ ነበር የሮጥኩት። ይዤ ስመለስ ወንዙ ላይ ምንም የለም።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለ ውብእሸት። አስራት ቀና ብሎ አየው። አልሰደበውም፤ ጎማውን ጠግኖ፣ ገጥሞለት፣ ሸኘው።

ከዚያ ወዲህ ለውብእሸት እንቅልፍ የለም። እትዬ የሺመቤት ዘንድ ሄዶ እግራቸው ላይ ወድቆ እውነቱን ነገራቸው። አሮጊቷ አዳምጠውት ሲያበቁ «ሬዲዮው እንዲህ አላለም» አሉ።

እንዳጋጣሚ ጣቢያው ደምሳሽን ከመጀመሪያው አንስቶ እንደ አዲስ ሊሠራው ተነስቶ ነበር። ውብእሸት የመጀመሪያውን ታሪክ ቀይሮ ጻፈ፤ አሁን ደምሳሽ የሚያዞረው ካቦ ፍለጋ ነው። «የወለድኩት እኔ፣ ያበላሸሁት እኔ። ላርመው። እኚያ እናት ሳይሞቱ ይስሙት» አለ።

ጽጌወርቅ አልተዋጠላትም። «ጥፋት ከሌለበት ምን ያጸጽተዋል? ካልተጸጸተስ ለምን ይቆማል? አንተ ወልደህ ጣልከው፣ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ነገ ሾፌሮቹ ‹ለካ ውሸት ኖሯል› ብለው ካቦውን ቢያወርዱ፣ ለሚሞተው ሰው ማን ሊጠየቅ ነው? እንደነበረ ይቆይ።»

ውብእሸት አስራት እንኳ ደስ ይለዋል ብሎ አዲሱን ጽሑፍ ወሰደለት። አስራት እስከ መጨረሻው አነበበውና መለሰለት።

«እዚህ አገር ማንም አያውቀኝም። ልጆቼም አያውቁም። ስሜን ስታጠፋው አነሳኸኝ፤ ልታጥበው ብለህም ያው ታነሳኛለህ። ደግሞ ገመድ ይዤ ባዶ ወንዝ ዳር መቆሜን አገር ሁሉ ሊሰማው ነው? የእኔ ነው፤ ዝም በልልኝ። ሁለተኛ አይተላለፍ።»

«እትዬ የሺመቤትስ?»

«እሳቸውን አታንሳብኝ» አለና አስራት አለቀሰ። ውብእሸትም አብሮት አለቀሰ፤ ምን ያደርጋል፣ እንባ የተላለፈን ነገር አይመልስም።

የጣቢያው ኃላፊ የሦስቱንም ቃል ሰሙ፤ የአስራትን ያደረሰላቸው ውብእሸት ነው። «ባለቤቱ ያለውን አደርጋለሁ» አሉ፤ ባለቤቱ የትኛው እንደሆነ ግን እሳቸውም አላወቁም። ቢታረም እኚያ እናት እውነቱን ይሰማሉ፣ አስራት ግን ይገለጣል። ባይነካ ሾፌሮቹ መቆማቸውን ይቀጥላሉ፣ ውሸቱም አብሮ ይቀጥላል። ዝም ከተባለ አስራት ያርፋል፤ እትዬ የሺመቤት ግን ልጃቸውን ጓደኛው ጥሎት እንደሄደ አምነው ይሞታሉ። ዛሬም ጆሯቸውን ሬዲዮው ላይ ጥለው እየጠበቁ ነው።

የእኔ ድርሻ ማውራት ነበር፣ አወራሁ፤ መከራከሩን ለእናንተ ትቻለሁ። ደምሳሽ ለማን ይገባል? ወልዶ ለበደለው፣ አሳድጋ ላስከበረችው፣ ወይስ ሕይወቱ ለተቀማበት?