ወጌሻዋ ይርገዱና የተዘጋው ደጅ

እንግዲህ ስሙኝ። ዘመኑን አትጠይቁኝ፤ እኔም አላውቀውም። አያቴ ከአያቷ ሰማች፣ አያቷም ከማን እንደሰማች እንጃ። ብቻ ይህ ተራራ ያኔም እዚሁ ነበር፣ ይህ ወንዝም እዚሁ ነበር፣ መንደራችን ቁልቋል በርም እዚሁ ነበረች። ሰዉ ብቻ ሌላ ነበር። ጆሯችሁን ስጡኝ እንጂ አታቋርጡኝ። የሚያቋርጠኝ ካለ ተነስቶ እሱ ይንገር።

በቁልቋል በር ይርገዱ የምትባል ሴት ነበረች። መሬት የላት፣ ከብት የላት፣ ወገን ዘመድ የላት። ጎጆዋ ከመንደሩ ጫፍ ነበረች። ይርገዱ ወጌሻ ነበረች። የወለቀ ትመልሳለች፣ የተሰበረ ታስራለች፣ የደረቀ ጅማት ታሻለች። ለድካሟ የሰጧትን ትቀበላለች፤ ካልሰጧትም ምርቃቱን ተቀብላ ትሄዳለች።

ወጌሻ ያደረጋት የእናቷ ነገር ነው። ይርገዱ ገና ልጅ ሳለች እናቷ ወደቀች። ግማሽ አካሏ ከዳት። ሽማግሌዎቹ፣ "አታንቀሳቅሷት፣ ተኝታ ትረፍ" አሉ። ይርገዱ እሺ አለች። አጎረሰቻት፣ አጠጣቻት፣ አስተኛቻት። እናቷም ተኝታ ቀረች። ጉልበቷ ታጥፎ አልዘረጋ አለ፤ ጀርባዋ ቆሰለ። የአልጋ ቁራኛ ሆና ስትቃትት ኖረች፣ ስትቃትትም ሞተች።

ከዚያ ወዲያ ይርገዱ አንድ ነገር ብቻ ፈራች። ጅብ አትፈራ፣ ረሃብ አትፈራ፣ ሞትን እንኳ አትፈራ። ተኝቶ መቅረትን ግን ፈራች። "አምላኬ፣ በፈለግህ ቀን ውሰደኝ፤ እንደ እናቴ ግን አታስተኛኝ" ትል ነበር። ይህን መንደሩ ሁሉ ሰምቷል። ልብ በሉ፣ ያልሰማ አልነበረም።

መጀመሪያ የወደቀው ሸማኔው ቸኮል ነው። ከሸማ ጉድጓዱ ሊወጣ ሲል ወደቀ። ቀኝ እጁ ከዳው፣ ቀኝ እግሩ ከዳው፣ አፉ ጠመመ። ከፊሉ "ምች ነው" አለ፣ ከፊሉ "የሰው ዓይን ነው" አለ። ሚስቱ አልቅሳ አልቅሳ ይርገዱን ጠራቻት።

ይርገዱ መጣች። ቅቤ አሞቀችና አሸችው። አሸችው፣ አሸችው። ቸኮል ደስ አለው፤ "እጅሽ ይባረክ" አላት። እሷም እጇን ጠረገችና፣ "በል ተነስ" አለችው።

"ምን አልሽ?"

"ተነስ ነው ያልኩህ። የኔ እጅ ግማሹን ነው የሚሠራው። ግማሹ ያንተ ሥራ ነው።"

ውሃ ሲጠማው ቅሉን ከታመመው እጁ ራቅ አድርጋ አስቀመጠችለት። ቸኮል ሰደባት፣ ረገማት፣ ኋላም አለቀሰ። ሚስቱም፣ "አንቺ አረመኔ! በሰው ደዌ ትጫወቻለሽ?" ብላ ጮኸችባት። ይርገዱ ግን ቅሉን አላቀረበችም። ቸኮል እየተንፏቀቀ ደረሰበት። በማግስቱ ቅሉን ከምሰሶው ሥር አደረገችው። ቆይታ ከጓዳው በር አደረገችው። እሱ ይሰድባታል፣ እሷ ታሸዋለች። እሱ ይወድቃል፣ እሷ ትደግፈዋለች። ምን ያስቃችኋል? ሰው እንዲህ ነው፤ የሚያድነውን ነው አስቀድሞ የሚረግመው።

ለመስቀል ቸኮል ምርኩዙን ይዞ፣ ቀኝ እግሩን እየጎተተ፣ ከደመራው ደረሰ። መንደሩ እልልታውን አቀለጠው። ቸኮል ይርገዱን ሲያያት ጊዜ እንባው መጣ፤ ወድቆ እግሯን ሊስም ጎንበስ አለ። ብብቱን አፈፍ አድርጋ ያዘችውና፣ "ኧረ ቁም! ስንት ለፍቼ ያቆምኩህን መልሰህ ልትወድቅብኝ ነው?" አለችው። ሰዉ ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

ሁለተኛው የጭቃ ሹሙ የአጥናፉ ነገር ነው። አጥናፉ ጤነኛ ሰው ነበር፤ ችግሩም እሱው ነው። ጎረቤት ለመሄድ በቅሎ ያስጭናል። ጮማ ይወዳል፣ ጠጅ ይወዳል፣ መቀመጥ ደግሞ ከሁሉ አብልጦ ይወዳል። ይርገዱ መንገድ ላይ ጠበቀችውና እጅ ነሳች።

"ጌታዬ፣ ከበቅሎዎ ይውረዱ። ጤና ሳሉ ይራመዱ። የወደቀ ማንሳት ይከብዳል፤ የቆመ እንዳይወድቅ መያዝ ይቀላል።"

አጥናፉ ከት ብሎ ሳቀ። "በቅሎ እያለኝ በእግሬ ስኳትን ሰው ምን ይለኛል? ደኸየ አይለኝም?" አለ። አሽከሮቹም ሳቁ። በቅሎዋ ሄደች፣ ይርገዱም ቆማ ቀረች።

ዘመን ተለወጠ። አጥናፉን ጥም ያዘው፤ ቢጠጣ ቢጠጣ አይቆርጥለት። አካሉ ከበደው፣ ዓይኑ ደከመ፣ እግሩ ደነዘዘ። እሾህ ወጋው፤ መወጋቱን እንኳ አላወቀም። ቁስሉ አልድን አለ፣ እግሩ ጠቆረ። ያኔ ይርገዱን አስጠራት። "ይኸው ከበቅሎ ወረድኩልሽ፤ አድኚኝ" አላት። እግሩን በሁለት እጇ ይዛ አየችው። አለቀሰች። "አሁንማ ጌታዬ የኔም ሥራ አይበቃ፣ የእርስዎም አይበቃ" አለችው።

"ምነው ያኔ ጎትተሽ ባወረድሽኝ!" አለ። ብዙም ሳይቆይ ሞተ።

ከቀብር በኋላ ሰዉ በልቅሶው ቤት እንደተቀመጠ ይርገዱ ተነስታ ለመነች። ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ እንደሚለምን ሰው ጎንበስ ብላ ለመነች። "ጤና ያላችሁ ተራመዱ፤ ተቀምጣችሁ አትለቁ። ደግሞ ከናንተ የሚማረኝ ሰው ስጡኝ። ማሸቱን ብቻ ሳይሆን ማስነሳቱንም ላሳየው። አርጅቻለሁ። እኔ ስወድቅ ማን ያነሳኛል?"

"ምነው፣ ምን ሆንሽና? አንቺማ ሁላችንንም ትቀብሪያለሽ!" አሏት። ስለወደዷት ነው እንዲህ ያሏት። ሊማር የመጣ ግን አንድም ሰው የለም።

ሦስተኛው የራሷ የይርገዱ ነው። ይቺን ስናገር ሆዴ ይባባል፤ ታገሡኝ።

በክረምት መግቢያ ይርገዱ ከምንጭ ስትመለስ ወደቀች። ግማሽ አካሏ ከዳት፤ እንደ እናቷ። ምላሷም ተያዘ። ያቺ ስንቱን ተነስ ያለች አፍ ዝም አለች።

መንደሩ ተንጫጫ፣ ደረቱን ደቃ። የአጥናፉ ባለቤት ወደ ትልቁ ቤቷ አስገባቻትና የራሷን አልጋ ለቀቀችላት። አጥሚት ሠሩላት፣ ማር አላሷት፣ ቅቤ አሞቁላት። አሿት፣ አሿት። ሊያጎርሳት የማይሻማ የለም። እግሯ ግን መሬት አልነካም። አንዲት ሴት ፈራ ተባ እያለች፣ "እሷ እኮ ሰው ታስነሳ ነበር። እናስነሳት ይሆን?" አለች።

ሽማግሌዎቹ ተቆጧት። "ነውር ነው! ዕድሜዋን ሙሉ ለኛ ስትለፋ የኖረች ሴት ናት። እንደ ሕፃን መሬት ለመሬት ልናስድሃት ነው? እሷ ብትጨክንብንም እኛ አንጨክንባትም። ትረፍ!" አሉ። ሁሉም "እውነት ነው" አለ።

ይርገዱ ደህናዋን እጇን አነሳችና ደጁን ጠቆመች። "በርዷት ነው" ብለው ዘጉት። አሁንም ጠቆመች። "ንስሐ አባቷን ፈልጋ ነው" ብለው ቄሱን አመጡላት፤ ቄሱም ደግመው፣ ጠበል ረጭተው ሄዱ። አሁንም ጠቆመች። "ጎጆዋ ናፍቃት ነው" ብለው ዕቃዋን ሁሉ አምጥተው ከአልጋው ሥር ደረደሩላት። ይርገዱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ አለቀሰች። "አመማት፣ ቅቤ ጨምሩ" ተባለ።

አንድ ቀን ከአልጋው ራሷን ጣለች። ሲገቡ በአንድ ክርኗ እየተሳበች ወደ ደጁ ስትሄድ አገኟት። ክርኗ ተልጦ ደም በደም ሆኗል። ሴቶቹ ጮኹ። "ጋኔን ነው የሚጥላት፣ ራሷን ልትጎዳብን ነው" አሉ። አንስተው አስተኟት። የሁሉንም መቀነት ፈትተው፣ እንዳይከረክራት ጥጥ አድርገውበት፣ ከአልጋው ጋር አሰሯት። እየሳሟት ነው ያሰሯት! እያለቀሱላት ነው ያሰሯት! ኧረ እንዲህ ያለውን ፍቅር ለጠላትም አይስጠው።

ሸማኔው ቸኮልስ አትሉኝም? ቸኮል ከክረምቱ በፊት ከነሚስቱ ወንዝ ማዶ ልጁ ዘንድ ሄዶ ነበር። ወንዙ ሞላበትና እዚያው ከረመ። ወንዙ ሲጎድል፣ ወሬውን ሲሰማ፣ ያንን እግሩን እየጎተተ ሮጠ። ደረሰ። በጠራራ ፀሐይ ደጁ ተዘግቷል። በርግዶ ገባ።

"ምን አደረጋችኋት?" አለ።

"ተንከባከብናት" አሉት።

ቸኮል ወደ አልጋው ሄደ። መቀነቱን አንድ በአንድ ፈታ። ጥጡን ጣለ። ብብቷን ይዞ ቀና አደረጋት፤ እግሯን ወደ መሬት አወረደ። ጉልበቷ ታጥፎ አልዘረጋ አለ። ጀርባዋን አየው፤ ቆስሏል። ቸኮል ጉልበቷን አቅፎ ጮኸ። "ተነሺ እንጂ! እኔን ስትይኝ አልነበረም? ተነሺ እንጂ!" እያለ ጮኸ።

ያኔ መንደሩ ገባው። እነዚያ ሽማግሌዎች ተነሱ። አንዱ ከግራ፣ አንዱ ከቀኝ፣ አንዱ ከኋላ ይዘው እስከ በሩ ደፍ አደረሷት። ይርገዱ ደጁን አየች። ምንጩ የሚወርድበትን መንገድ አየች፣ ሰማዩን አየች። ከዚያ ደህናዋን እጇን ዘርግታ የቸኮልን የሚጎተት እግር ዳበሰችው። ልጅ እንደምታባብል ቀስ አድርጋ ዳበሰችው። በዚያው ሰሞን አረፈች።

ቀብሯ ላይ አስለቃሽ አልቆመችም። ማን ምን ብሎ ያሞግሳት? ቸኮል ብቻ ከጉድጓዱ አፋፍ ቆሞ፣ "ሞት ወሰዳት አትበሉ። አስተኝተን ነው የገደልናት" አለ።

ከዚያ ወዲህ በቁልቋል በር በሽተኛን "ተኛ" ማለት ነውር ሆነ። ጠያቂ ሲገባ አስቀድሞ ደጁን ወለል አድርጎ ይከፍታል። "እግዜር ይማርህ" ከማለቱ በፊት፣ "ዛሬ ደጁን አየኸው?" ይላል። "አላየሁም" ካለ ሁለት ሰው በሁለት ብብቱ ይገባል። ቢራገም ይራገም፣ ቢያለቅስ ያልቅስ፤ አቅሙ እስከ ደፉ ከሆነ እስከ ደፉ፣ እስከ አጥሩ ከሆነ እስከ አጥሩ ይወስዱታል። ጤነኛውም ቢሆን ተቀምጦ ከዋለ፣ "አንተ፣ ደጁን አላየኸውም እንዴ?" ይባላል። ስንቱ ሰው በዚህ ተረፈ። እኔም አንዱ ነኝ።

በሌላ አገር የሞተ ሰው ስም ሲነሳ "ነፍሱን ይማር" ይባላል። እኛም ለሁሉ እንላለን። የይርገዱ ስም ሲነሳ ግን እንደዚያ አንልም። ሽማግሌውም፣ ሕፃኑም፣ ቄሱም ሳይቀሩ፣ "ይቅር በይን" ነው የምንለው።