የአማካሪ ቦርዱ ሣር

በዚያ ጫካ ሥርዓት ነበረ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ቀጥሎ የሚመጣውን የሚያነብ ሰው አገሩን ሥርዓት አልባ እንዳይለው ነው። አንበሳው እንደ ነገሠ የሙያ ትምህርት ቤት ከፈተ፤ የሣር በሎቹ ልጆችም ሩጫና ማዳመጥ ይማሩ ጀመር። ትምህርቱ ከሜዳው ኑሮ እንዳይርቅ ደግሞ አማካሪ ቦርድ ተቋቋመ። የቦርዱ አባላት ተመራቂዎቹን ሜዳ ላይ የሚቀበሉት ሥጋ በሎች ነበሩ፤ ሊቀመንበሩ ጅብ፣ ምክትሉ ነብር። ተመራቂን ከእነሱ ይበልጥ በቅርብ የሚያውቅ ከየት ይመጣል?

መምህራንም ቅር እንዳይላቸው በስብሰባው እንዲገኙ ተፈቀደ። የሩጫ አስተማሪዋ ሚዳቋ ነበረች፣ የማዳመጡ ድኩላ። ስብሰባው የሚደረገው ወንዝ ዳር፣ ሣሩ ጉልበት የሚደርስበት መስክ ላይ ነው፤ ቦታው ለመምህራኑ ክብር ሲባል የተመረጠ ነው ይባላል። በጫካው ልማድ ጉባኤ ላይ ራሱን ዝቅ ያደረገ ተስማምቷል፣ ቀና ያለ ተቃውሟል። ልማዱ ከአያት የወረደ ስለሆነ ማንም አይነካውም።

አንድ ዓመት ጅብ ስብሰባውን ከፈተ።

«የተከበራችሁ መምህራን፣ ድካማችሁን እናደንቃለን። ግን እውነቱን እንነጋገር። ተመራቂዎቻችሁ ከእኛ ጋር አብሮ የመሥራት ፍላጎት የላቸውም። ገና ከሩቅ ሲያዩን ጥለውን ይሄዳሉ። ይህ የሥነ ምግባር ጉድለት ነው።»

«ሩጫው በዝቷል» አለ ነብር። «ልጆቹ እኛ ዘንድ የሚደርሱት ከስተው ነው። ሩጫው በግማሽ ተቀንሶ የአመጋገብ ትምህርት ቢጨመርስ?»

አንበሳው አዛጋና «መምህራንስ ምን ትላላችሁ?» ሲል ጠየቀ።

መምህራኑ ከደረቁ ኮረብታ ሆዳቸው ባዶውን ነበር የመጡት። ድኩላ ጎንበስ ብሎ ሣሩን ነጨት አደረገ። ሚዳቋ የራሷ ልጅ የዚያ ዓመት ተመራቂ ነበረችና ልትቃወም አፏን ከፈተች። ግን እስክትናገር አንዴ ብትቀምስ ምን አለበት? አጎነበሰች።

«መምህራኑ ተስማምተዋል» አለ ጅብ። «እንዲያውም ደጋግመው ነው የተስማሙት።»

ሚዳቋ የያዘችውን ውጣ ቀና ስትል ስብሰባው ተበትኗል።

በማግስቱ ለአዲስ ገቢዎቹ የመጀመሪያውን ትምህርት ትሰጥ ነበር። «ልጆች፣ ሣሩ ምንም ያህል ቢያምራችሁ አስቀድማችሁ ቀና ብላችሁ ዙሪያውን እዩ። ሳታዩ ያጎነበሳችሁ እንደሆነ...» ብላ መሃል ላይ ቆመች። አፈረች። በየዓመቱ የምታስተምረው ይህንኑ ነበር።

ልጆቹን አሰናብታ ወደ ድኩላ ሄደች።

«ምን ነካን አንተ?»

«ምን እናድርግ እሜት ሚዳቋ፣ ሣሩ ጥሩ ነበር።»

«ለዚህ እኮ ነው እዚያ የሚጠሩን!»

«ቀና ብንልስ ምን ይፈይዳል? እነሱ ይበዛሉ።»

ሚዳቋ ጥቂት አሰበች። «እነሱስ» አለች፣ «ምን ሲያዩ ነው የሚያጎነብሱት?»

ድኩላ መጀመሪያ አልገባውም፤ ሲገባው ጆሮው ቆመ። ገደል ገብቶ የሞተ አንድ ጎሽ ነበረና አፍንጫቸውን ይዘው አጥንቱን እየጎተቱ መስኩ ላይ፣ የቦርዱ አባላት ከሚቀመጡበት ሣር ውስጥ ቀበሩት።

ከምርቃቱ በፊት የመጨረሻው ስብሰባ ተጠራ። መምህራኑ የኮረብታውን ድርቆሽ ጠግበው መጡና ለምለሙን ሣር ዞር ብለው ሳያዩት ተቀመጡ። ጅብ ስለ አመጋገብ ትምህርቱ ጥቅም ረጅም ንግግር አደረገ። ሲጨርስ ሚዳቋ ተነሣች።

«ንጉሥ ሆይ፣ አንድ ሐሳብ አለኝ። ሩጫው ወደ ቀድሞው ይመለስ፣ አንድ ክረምትም ይጨመርበት። ያንን ያልጨረሰ ልጅ ከትምህርት ቤቱ አይውጣ።»

ይህን ስትል ድኩላ በእግሩ ሣሩን ገለጥ አደረገው። ሽታው ወጣ።

ጅብ «እኔ በበኩሌ አጥብቄ...» ብሎ ጀመረ። ነገር ግን አልጨረሰውም፤ አጎነበሰ። ነብርም ጅብ ብቻውን እንዳይጨርሰው ፈጥኖ አጎነበሰ። ሌሎቹም ተከተሉ።

«ቦርዱ ተስማምቷል» አለች ሚዳቋ። «አያ ጅቦማ ደጋግመው ነው የተስማሙት።»

ጅብ የሚቃወምበት አፍ አልነበረውም፣ ሞልቶበት ነበር። አጥንቱን ይሰብር ነበር። መምህራኑ አንበሳውን ያዩ ጀመር።

አንበሳው ተቆጥቶ ተነሣ። ልማዱን ሊሽር አፉን ከፈተ። ከዚያ እሱ ራሱ የነገሠበት ጉባኤ ትዝ አለው። እዚሁ መስክ ላይ ነበር፤ ክረምቱ ገና መውጣቱ ነበር፣ ሣሩም ጉልበት ይደርስ ነበር። ያን ቀን ሣር በሎቹ ሁሉ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ነበር።

አፉን መልሶ ገጠመው።

ሚዳቋ ቀና እንዳለች ታየው ነበር።